ኖር ያልንበት መደብር

ዛሬ ወደ አንዱ ትልቅ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው ዕቃውን አይደለም። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችውን ልጅ እግር ነው። አጠገቧ በርጩማ ካለ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ። ከሌለ ባለቤቱን አስጠርቼ ነገር እፈልጋለሁ። ልጆቼ በዚህ የተነሳ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ያፍራሉ። ያፍሩ፣ ግድ የለኝም። በርጩማ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ፣ ከከተማው ትልልቅ መደብሮች በአንዱ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኩባንያው የውጭ ሰዎች ነው። ዋናው ቤት ፒያሳ ሲሆን ቅርንጫፎቹ በየሰፈሩና በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ነበሩ። የእኛ ቅርንጫፍ ከቀበና ድልድይ አለፍ ብሎ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጨርቅ፣ ጫማ፣ ሳህን፣ ጃንጥላ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሽቶ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣል። የሰፈር ሰው ለመግዛት ባይመጣ እንኳ መስታወቱን ለማየት ይመጣ ነበር። እኔ የጨርቅ ክፍል ደረሰኝ። ቴትሮንና ከፋይ ስለካ ስውል የዓለም ንግሥት የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ ለመጀመሪያው ሳምንት።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ነው። ጠዋት ቁልቁለቱን በላስቲክ ጫማ እወርድና ከመደብሩ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ባለተረከዝ ጫማዬን እቀይራለሁ። ባለተረከዝ ጫማ ግዴታ ነበር፤ ሰማያዊው ጋውንም እንዲሁ። ከጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ታድለሽ፣ ከጥላ ሥር የምትውዪ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ከእነሱ ሸክም ጋር ሲተያይ የእኔ ሥራ ቅንጦት ነበር። ግን እነሱ እንኳ ሲደክማቸው ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቁጭ ይላሉ። እኔ አልቀመጥም ነበር።

ሻጭ አይቀመጥም። የመደብሩ ሕግ ይኼ ነበር። ከመከፈቻው እስከ መዝጊያው፣ ደንበኛ ኖረም አልኖረ፣ ዝናብ ጥሎ ሰው ሁሉ ከቤቱ ባልወጣበት ቀን ሳይቀር፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። በቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ነበር። አንዱ ጫማ ለሚለኩ ደንበኞች፣ ሌላው ፎቅ ላይ፣ በመስታወት በተከለለው ክፍል ውስጥ፣ የሥራ አስኪያጁ። ምሳችንን እንኳ ዕቃ ቤት ገብተን የጨርቅ ጣቃ ተደግፈን ቆመን ነው የምንበላው። ማታ ቤቴ ስደርስ እናቴ ለብ ያለ ውሃ ጨው ጨምራበት ትጠብቀኛለች። እግሬን ስነክረው እንባዬ ይመጣል፤ ከሕመሙ ይሁን ከደስታው አላውቅም።

ሕጉን የሚያስጠብቁት ተቆጣጣሪያችን ናቸው። ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። በባንኮኒዎቹ መካከል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመላለሳሉ። አንድ ጉልበታቸውን ያነክሳሉ፣ ግን እንደማያነክሱ ሆነው መራመድ ይወዳሉ። አንድ ሰው ክርኑን ባንኮኒው ላይ ካሳረፈ ከበስተጀርባው ይደርሱና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው አያውቁም። ይኼን ግን ያኔ ልብ አላልኩትም።

አሁን የታሪኩ ባለቤት ስለሆነችው ጓደኛዬ ልናገር። ክርና ቁልፍ የምትሸጠው እሷ ነበረች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ የካራ ልጅ ናት። ጠዋት አማርኛ ይዛ ትገባና ከሰዓት በኋላ ኦሮምኛ ይዛ ትውላለች፤ የካራና የኮተቤ ገበሬዎች ሚስቶች ከሌላ ሰው መግዛት አይፈልጉም ነበር። አንድ ቁልፍ ሊገዛ የገባ ሰው ከእሷ እጅ ልብስ የሚሞላ ቁልፍ ይዞ ይወጣል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩልና ተናዳጅ ስለሆንኩ ከእሷ አጠገብ ስሆን ልቤ ይረጋ ነበር።

በአንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ምሳችንን ስንበላ ጠጋ አለችኝ።

«እርጉዝ ነኝ» አለች። «ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም።»

እንኳን ደስ ያለሽ ልላት አፌን ስከፍት ዓይኗን አየሁና ተውኩት። ያለፈውን ፋሲካ ሁለታችንም አልረሳነውም ነበር። ያኔም እርጉዝ ነበረች። በዓሉ ሲቃረብ መደብሩ በሰው ስለሚጨናነቅ ቆማ ስትሸጥ ሰነበተች፤ በመጨረሻ ከባንኮኒው ጀርባ ደም ፈሰሳትና ፅንሱ ወረደ። ሐኪሙ ምን እንዳለ አላውቅም። እሷ ግን የገደለው መቆሙ ነው ብላ ቆርጣለች፤ እኔም እስከ ዛሬ ድረስ አምናታለሁ።

«ይኼኛውን ቆሜ አልገድለውም» አለችኝ። «ሥራዬንም አልለቅም።»

ሁለቱ አብረው አይሄዱም ነበር። ባሏ የቀን ሥራ ሲገኝ የሚሠራ፣ ሲጠፋ ቤት የሚውል ሰው ነው፤ ካራ ያሉትን ወላጆቿንም የምትረዳው እሷ ናት። በመደብሩ ደግሞ ሴት ሆዷ ሲገፋ «በገዛ ፈቃዷ» የምትለቅበት ልማድ አለ። ፈቃዷን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኔ ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ጋውናቸውን አጥፈው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው በጓሮ በር ወጡ። የእሷም ነገር እንደዚያ ሲያልቅ ቆሜ የማይ መስሎ ሲታየኝ ደሜ ፈላ።

በማግስቱ የሳሙና ሳጥን ከዕቃ ቤት ጎትቼ ከባንኮኒዋ ጀርባ አስገባሁላት። ቀን ሙሉ እንኳ አልቆየም፤ ጋሼ ደረሱበት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የሳሙና ሳጥን ነው፣ ጋሼ።»

«የሳሙና ሳጥን የሚቀመጠው የት ነው?»

«ዕቃ ቤት።»

«ታዲያ ምን አመጣው? በእግሩ መጣ?»

እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ነኝ ያመጣሁት አልኳቸው። ሳጥኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን ልታዘጊኝ ነው?» አሉኝ። ያኔ ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ከጋሼ በላይ ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው። እንደ ፈረንጅ ደንብ ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን። እኛ አገር ብዙ ዓመት የኖረ፣ አማርኛን አቀላጥፎ የሚናገር፣ በዓል ሲሆን ነጠላ ጣል አድርጎ ፎቶግራፍ የሚነሳ ሰው ነበር። ደረጃውን ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። ለሻጮች ወንበር እንዲሰጠን ስለምነው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ፈገግ አለ።

«የአገራችሁን ባህል ከእናንተ እኩል አውቃለሁ» አለ። «እዚህ አገር ለሰው መቆም አክብሮት ነው። ደንበኛ ገብቶ ሻጯን ተቀምጣ ካገኛት ተናቅሁ ብሎ ይወጣል። እኔ የማስቆማችሁ ለባህላችሁ ብዬ ነው።»

የሚያበግነኝ እውነት የሚመስል ነገር መናገሩ ነበር። እጅ ነስቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ በገዛ ምላሴ ተናድጄ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ቤታችን ነው፣ እሑድ ቀን። የአባቴ ወዳጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ አባባ የምንላቸው። እሑድ እሑድ እንጦጦ ማርያም አስቀድሰው ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ የመጀመሪያ ማረፊያቸው የእኛ ቤት ነው። የዚያን ዕለትም ጎንበስ ብለው በሩን ሲገቡ ቤተሰቡ ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ፤ ሰዉም ተቀመጠ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከመቆሜ የተነሳ ቁጭ ብድግ ማለቱ ራሱ ስለሚያመኝ ቀድሞውንም በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁ። እሳቸው ቆም ብለው አዩኝ።

«አንቺ ብቻ አልተነሳሽልኝም» አሉኝ።

«ቆሜ ነበር እኮ፣ አባባ።»

«እሱንማ አየሁ። ቆመሽ ከቆየሽኝ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው በምን አውቃለሁ? ቁጭ በይና ተነሺልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም እየሳቅሁ መደብ ላይ ቁጭ አልኩና ተነሳሁ። «ኖር» አልኳቸው። «በእግዜር፣ ልጄ» አሉና ደስ ብሏቸው ቦታቸውን ያዙ። እኔ ግን ተመልሼ ስቀመጥ ሳቁ ከፊቴ ጠፍቶ ነበር። ሙሴ ባህላችንን ግማሹን ብቻ ነበር የሚያውቀው። አክብሮቱ መቆሙ ላይ አይደለም፤ ተቀምጦ የነበረ ሰው ለሌላው ብሎ ዕረፍቱን መተዉ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የምንተወው ዕረፍት አልነበረንም። ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ማን ቢገባ በምን ይነሳለታል? ንጉሥ ቢገባ እንኳ ያው ቆመን ነው የምንጠብቀው።

ሰኞ ጠዋት ይኼን በዕቃ ቤት ውስጥ ለሁሉም ነገርኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሙሴ በቃል አይረታም፤ በዓይኑ ማየት አለበት። እያንዳንዳችን ከባንኮኒያችን ሥር ሳጥን እናስገባለን። ጋሼ ወደ ጓዳ ሲገቡ እንቀመጣለን። ደንበኛ ሲገባ በር አጠገብ ያለችው የሽቶ ሻጯ ታስላለች፤ ሁላችንም በአንድ ላይ ተነስተን ኖር እንላለን። ደንበኛው ደስ ሲለው ሙሴ ከፎቅ ያያል። ልጆቹ ተያዩ፤ የፈሩም የጓጉም ነበሩ። ጓደኛዬ ቀስ ብላ «እኔ እቀመጣለሁ» ስትል ነገሩ ተቆረጠ።

እንግዲህ ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ሽቶ ሻጯ ድንጋጤ ይዟት ኖሮ ማን እንደገባ ሳታይ የበሩን ድምፅ ብቻ ሰምታ የሳል ምልክቷን ሰጠች። ሁላችንም ከባንኮኒው ሥር ብቅ ብለን በአንድ ጉሮሮ «ኖር!» አልን። የገባችው ባርኔጣ ያደረገች አንዲት የፈረንጅ ሴት ነበረች። ኖር ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? ባዶ የመሰላት ቤት ውስጥ ሰው ከየአቅጣጫው ብድግ ብሎ ሲጮህባት ጃንጥላዋን ጥላ እሪ ብላ ወጣች። ጋሼ ከጓዳ ወጥተው ጃንጥላውን አንስተው ሊያቀብሏት ሲከተሏት ይብሱን ሮጠች። እያነከሱ፣ ጃንጥላ ከፍ አድርገው፣ በቀበና መንገድ ላይ ሲሯሯጡ በመስታወቱ እያየን መሳቅም መሞትም አማረን።

ሙሴ ሁላችንንም ሰበሰበን። ሳጥኖቹ ተለቅመው ዕቃ ቤት ገቡ። ማን እንዳስጀመረው ጠየቀ፤ ማንም አላጋለጠኝም። እሱ ግን ሲጠይቅ የሚያየው እኔን ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ተቀምጦ የተገኘ ሰው ጋውኑን አውልቆ ይሄዳል» አለ። «ማንም ይሁን ማን።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባዶች ነበሩ። ጓደኛዬ ጋውኗን እያላላች ትቆማለች። ቁርጭምጭሚቷ ማበጡን ለመደበቅ ረጅም ካልሲ ታደርጋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወገቧን ይዛ ባንኮኒው ላይ ስትደገፍ አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጋሼም አዩዋት። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ ብዬ ስጠብቅ ዞር ብለው ወደ ሳህኑ ክፍል ሄዱ። ዕቃ ቤት ስንገናኝ «ትናንት ደም አየሁ» አለችኝ። «ትንሽ ነው።» እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ ያን ዕለት ግን ልቤ አልረጋም። አንድ ነገር ሳይደረግ ወሩ እንደማያልቅ ገባኝ።

የአዲስ ዓመት ገበያ ደረሰ። በበዓል ዋዜማ ሁልጊዜ የሚመጡ አንዲት ደንበኛ ነበሩን፣ ኮተቤ በኩል ሰፊ ርስት ያላቸው ወይዘሮ፤ እሜቴ እንላቸዋለን። ሲመጡ ብቻቸውን አይደለም፤ ልጆች፣ ዘመድ፣ አሽከር ሁሉ ይዘው ነው። የሚለብሰው ሁሉ ከእኛ ቤት ይገዛል። ሙሴ ሊቀበላቸው ከፎቅ የሚወርድላቸው ብቸኛ ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። የዚያን ቀን ላንድሮቨራቸው በሩ ላይ ሲቆም በመስታወቱ አየሁት። እሜቴ የአገሩን ደንብ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አልኩ በልቤ።

ሳጥን አልነበረም። ከመደርደሪያው አንድ የአቡጀዲ ጣቃ ስቤ መሬት ላይ አቆምኩና ቁጭ አልኩበት። ጓደኛዬን አየኋት። የክር ካርቶን ከሥር አወጣችና በቀስታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ተቀመጠች። ቀጥሎ የሳህን ክፍሏ ልጅ፣ ቀጥሎ የጫማ ክፍሉ ልጅ። ያች ሽቶ ሻጭ እንኳ ተቀመጠች።

ጋሼ መሐል ቆመው ሁላችንንም አዩን። እያንዳንዳችንን በየተራ አዩን፤ ጓደኛዬ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ሙሴ ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር። ጋሼ አንድ ቃል ቢናገሩ ሁላችንም እንነሳና ነገሩ ያበቃል። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጡንና ወደ በሩ ሄደው ለእሜቴ ከፈቱላቸው።

ብድግ አልን። «ኖር!»

እሜቴ ደፉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸው ሁሉ በራ።

«በእግዜር!» አሉ። «በእግዜር፣ ልጆቼ። ምነው ዛሬስ የሰው ቤት ገባሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።»

አልተቀመጥንም። ሙሴ ደረጃው ግርጌ ደርሶ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ጣቃው ላይ፣ ካርቶኑ ላይ ነው። እሜቴ ጠበቁ። የተነሱለት ሰው ተቀመጡ ብሎ ካላስቀመጠ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የደንቡ ሌላው ግማሽ እሱ ነው። ፈገግታቸው ቀነሰ።

«ተቀመጡ አልኩ እኮ። ወይስ ዘበኛ ልትሆኑብኝ ነው?»

ያን ጊዜ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም። ጓደኛዬ ናት። በኦሮምኛ ተናገረች፣ በዚያ ድምፅዋ፣ ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። እሜቴም ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። ምን እንዳለቻቸው በኋላ ነገረችኝ። «ወንበር የለንም፣ መቀመጥም ተከልክለናል፣ ለእርስዎ ለመነሳት ስንል ነው የተቀመጥነው፣ እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ያለፈውን እዚሁ ቆሜ አጥቼዋለሁ።» ይኼው ነው፤ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም።

እሜቴ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከኋላቸው ዘመዶቻቸው፣ ከዘመዶቻቸው ኋላ ሌላ ገበያተኛ በሩ ላይ ተከማችቷል።

«ሙሴ» አሉ፣ አሁን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እኔ በእግዜር ብያለሁ። እነዚህ ልጆች ሳይቀመጡ እግሬ ከዚህ አያልፍም።»

ሙሴ የጫማ ክፍሉን ወንበር በጥድፊያ አስመጥቶ ለእሳቸው አቀረበ።

«ለእኔ አይደለም» አሉት።

ስለ እሱ ደግ ነገር መናገር ብዙ አይቀለኝም፣ ግን ይቺን አልከለክለውም። ደረጃውን ወጣና የራሱን ወንበር፣ የመስታወት ክፍሉን ትልቁን ወንበር፣ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወረደ። የክርና የቁልፍ ባንኮኒ ጀርባ ወስዶ አስቀመጠው። ጓደኛዬ መደገፊያውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችበት። እኛም በየጣቃችንና በየካርቶናችን ላይ ተቀመጥን። እሜቴ ደፉን አልፈው ገቡ። ያን ዕለት ምን ያህል ጨርቅ እንደለካሁ አላስታውስም። ያለቀብኝ ከፋይ ግን ትዝ ይለኛል።

ሲመሽ ሙሴ አስጠራኝ። ወንበሩ ታች ስለነበር ቆሞ ነው ያነጋገረኝ። ጠረጴዛውን ሲደገፍ፣ ሲተወው፣ እግር ሲቀያይር አየሁትና በሆዴ ሳቅሁ።

«ለምን በደንብ አላስረዳሽኝም?» አለኝ።

«ያን ዕለት እርስዎ ተቀምጠው እኔ ቆሜ ስለነበር ይሆናል፣ ሙሴ» አልኩት።

የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ወደ መስታወቱ ዞረና ታች ያለውን ወንበሩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሾላ ገበያ በኩል የማውቀው አናጢ እንዳለ ጠየቀኝ።

ከመስቀል በፊት ለእያንዳንዳችን በርጩማ መጣልን፤ አዲስ፣ የቫርኒሹ ሽታ ያልለቀቀው። ጋሼ የራሳቸውን በሩ አጠገብ አስቀመጡና ከዚያ በኋላ ለኖር ካልሆነ በቀር ቆመው ያያቸው ሰው የለም። የጉልበታቸው ቁስል የጦር ሜዳ መሆኑን፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚያስነሳቸው፣ በዚያ ጉልበት ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው እንደሌለም የነገሩኝ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነው። እንጀራዬን ልታዘጊኝ ነው ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ክፉ ናቸው ብዬ የደመደምኩትንም አነሳሁ።

ወሬው ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ዞረ። የፒያሳዎቹ ልጆች በእረፍታቸው ቀን ቀበና ድረስ መጥተው እንዴት እንዳደረግነው ጠየቁን፤ እነሱም አደረጉት። ከዚያ ሌላው ቅርንጫፍ፣ ከዚያ የጠቅላይ ግዛቶቹ። በመጨረሻ ዋናው ቤት ለሁሉም ቅርንጫፍ ትእዛዝ አወጣ፤ ኩባንያው ለአገሩ ባህል ባለው አክብሮት ለሻጮች መቀመጫ እንዲዘጋጅ ወስኗል የሚል። ጋሼ ሲያነቡልን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የሳሙና ሳጥኑም፣ የፈረንጇ ሩጫም፣ የጓደኛዬ ቁርጭምጭሚትም የሉበትም። ለአንድ ቀን ተናደድኩ። በማግስቱ ግን በርጩማዬ ላይ ቁጭ ስል ስሙን ይውሰዱት አልኩ፣ መቀመጫው የእኔ ነው።

ጓደኛዬ እዚያው ሠራች። ሆዷ ገፍቶ ጋውኑ አልቆለፍ ሲል ማንም «ፈቃዷን» አላነሳባትም። እሜቴ በመጡ ቁጥር በርጩማዋ ላይ መኖሯን ሳያረጋግጡ ሌላ ነገር አያዩም ነበር፣ ሙሴም ያን ያውቃል። ደሙ አልተመለሰም። ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቤቷ ገባች፤ እስክትመለስ ድረስ የክር ባንኮኒውን በየተራ ያዝንላት። በርጩማዋ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ገና ወደ ሥራ ሳትመለስ፣ ወደ መደብሩ መጣች። ልጁ በደህና ከተወለደ ለእንጦጦ ማርያም ጃንጥላ ተስላ ነበር፤ ጃንጥላውን ከገዛ መደብሯ ልትገዛ ነው። የአገር ልብስ ለብሳ፣ ልጇን አዝላ፣ በፊተኛው በር ገባች። ሻጭ በፊተኛው በር አይገባም፤ የዚያን ቀን ግን ደንበኛ ነበረች።

መጀመሪያ የተነሱት ጋሼ ናቸው፣ ያን ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው። «ኖር!» አሉ። ሁላችንም ብድግ አልን። «ኖር!»

እሜቴ ያን ጊዜ በቆሙበት ደፍ ላይ ቆመች። በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ለስንቱ ሰው ቆማለች፤ ለእሷ ሰው ሲነሳላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ማለት ያለባትን ማለት አቃታት። እንባዋ ይወርዳል። እኛም እሷ ሳትለን መቀመጥ አንችልም። ቀና ስል ሙሴም በመስታወቱ ውስጥ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል።

ልጁ ጀርባዋ ላይ ተንቀሳቀሰ። እጇን ወደ ኋላ ልካ ደገፈችው።

«በእግዜር» አለች በዚያ ድምፅዋ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጥን።